ድምፅን የሚያጠራ የበዓል ስጦታ፤ ለአስመጪ፣ ለላኪና ለባለሱቅ

እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ በቀረቡ ቁጥር በየሱቁ ደጃፍ የሚታየው የገዥ ብዛት ለነጋዴው የዓመቱ መከር መሆኑ የታወቀ ነው። ከእነዚህም ገዥዎች መካከል ሙዚቃን በቤቱ ተቀምጦ በጥሞና ለሚያዳምጥ አባት፣ አጎት፣ ባል ወይም ወዳጅ ስጦታ የሚፈልጉ ይገኙበታል። የእንዲህ ያለው ገዥ ችግር አንድ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው እርሱ ሲሆን ዕቃውን የሚያውቀው ግን ስጦታው የሚሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ሱቁ ገብቶ፣ «አባቴ ሙዚቃ ይወዳሉ፤ ምን ልግዛላቸው?» ብሎ ምርጫውን ሁሉ ለባለሱቁ ይተወዋል።

ባለሱቁም አብዛኛውን ጊዜ ጣቱን የሚቀስረው በመደርደሪያው ላይ ወዳለው ትልቁ ስፒከር ነው። ዕቃው ትልቅ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ በመሆኑ የዕለቱ ሽያጭ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ያ ስፒከር ቀድሞ በቤቱ ካለው መሣሪያ ጋር ሳይስማማ ይቀርና ወይ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ ወይም በቡፌ ላይ የጌጥ ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ነጋዴው ትርፉን ያጣል፤ በሁለተኛው ደግሞ ከትርፍ የሚበልጠውን ደንበኛ ያጣል። ከዚህ የሚያድነው የአዳማጩ መሣሪያ ምን እንደ ጎደለው ጠይቆ የጎደለውን መሸጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ዕቃ ነው።

በቤታችን ያለው ሸክላ

ምን እንደሚጎድል ለማወቅ በቅድሚያ በየቤቱ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ ላይ መቀረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በበርሊን ከተማ በማሲንቆ እያዜሙ ድምፃቸውን ባስቀረጹ ጊዜ ነው። ስማቸው ከንግድ ማዕርግ ጋር ተያይዞ የሚጠራው እኒህ ሰው ድምፃቸውን በሸክላ ማኖራቸው ለነጋዴው ማኅበር የሚያኮራ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ አምሃ እሸቴ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ሸክላ ያሳትም የነበረበትን ልማድ ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችን ለገበያ አቅርቧል። ከዚያ በኋላ ዘመኑ የካሴት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1997 በፓሪስ የሚገኘው ቡዳ ሙዚክ የተባለው አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ። ከዚህም የተነሣ የቆየው ሙዚቃችን በውጭ አገር አያሌ ወዳጅ አፈራ። በ1977 የወጣው የኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድ «ቸ በለው» በ2014፣ በ1972 በኒው ዮርክ የተቀረጸው የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደገና በሸክላ ታትመው ተሸጠዋል።

ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሳሎን ውስጥ ከአያት የተወረሰ የጥንት ሸክላ፣ በ1960ዎቹ የተገዛ ትንሽ ሸክላና ልጅ ከባሕር ማዶ የላከው አዲስ እትም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ሦስቱም «ሸክላ» ይባሉ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ዲስክ ከነፍሳት ሙጫ የተሠራ ሲሆን ተሰባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ያወጣው፣ በደቂቃ 33 ከሢሶ የሚዞረው ትልቁ ዲስክ፣ እንዲሁም በ1949 አር.ሲ.ኤ. ቪክተር ያስከተለው ባለ 45 ዙር ትንሽ ዲስክ ግን በጥቃቅን ቦይ የሚሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም የፕላስቲክ ዘር ከሆነው ቪኒል የተበጁ ናቸው።

የመርፌ ነገር

አበው «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ለሸክላም ብርሌው መርፌው ነው። የጥንቱ ባለ 78 ዙር ዲስክ ሰፊ ቦይ ስላለው ጫፉ ወፈር ያለ መርፌ ይፈልጋል፤ ይኸውም ክቡ ጫፍ ከመሐል እስከ ዳር 76 ማይክሮን ያህል ነው። የኋለኞቹ ዲስኮች መርፌ ግን 18 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማለት ከጥንቱ አንድ አራተኛ እጅ አይበልጥም። ወፍራሙ መርፌ በቀጭኑ ቦይ ቢሄድ ሸክላውን ያበላሻል፤ ቀጭኑም በሰፊው ቦይ ቢሄድ ከቦዩ ወለል ላይ እየተንከላወሰ ጩኸት ያሰማል።

መርፌ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም። ፋብሪካዎች ለአልማዝ መርፌ የሚሰጡት ዕድሜ ባብዛኛው ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 500 ሰዓት አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ፣ 1000 ሰዓት ደግሞ ሦስት ዓመት አይሞላም። እንግዲህ አባቱ ከዐሥር ዓመት በላይ መርፌ ሳይለውጡ የሚያዳምጡ ከሆነ የደነዘዘው ጫፍ የሚወዱትን ሸክላ በየዕለቱ እየፋቀው ነው ማለት ነው። የተፋቀ ቦይ በምንም ጥበብ አይመለስም፤ አምሃ እሸቴ ያሳተመው የመጀመሪያው ዘመን ሸክላም ከፋብሪካ እንደገና የሚታዘዝ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ አዲስ መርፌ የሚሰጥ ልጅ ለአባቱ የሰጠው መርፌውን ብቻ ሳይሆን በሣጥን ያለውን ሸክላ ሁሉ ጭምር ነው።

መርፌ በሚሸጥበት ጊዜ ባለሱቁ ሊጠይቅ የሚገባው የማጫወቻውን ስም ሳይሆን የመርፌውን ራስ ዓይነትና ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት ማጫወቻ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ራስ ሊገጠምለት ይችላልና። ገዥው ቁጥሩን ካላወቀ ወደ ቤቱ ተመልሶ ራሱን ከፊትና ከጎን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲያመጣ መንገር ይበቃል። ከመርፌው ጋር የመርፌውን ክብደት የሚለካ ትንሽ ሚዛን ቢጨመርበት ስጦታው የተሟላ ይሆናል። ዛሬ በብዛት የሚገኙት መርፌዎች ከ1.5 እስከ 3 ግራም ባለው ክብደት የሚሠሩ ሲሆኑ ትክክለኛው ልክ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። «ክብደቱ ቢያንስ ሸክላው ይተርፋል» የሚለው የተለመደ ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ከልኩ ያነሰ ክብደት መርፌውን በቦዩ ውስጥ እያዘለለ ግድግዳውን ያቆስለዋል።

ማጽጃና ማስቀመጫ

አቧራ የሸክላ ጠላት ነው። በበጋ ወራት ደረቅ አየር ሲሆን ቪኒል በራሱ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ያጠራቅማል፤ አቧራንም እንደ ማግኔት ይስባል። ከካርቦን ክር የተሠራው ለስላሳ ብሩሽ ይህን ኃይል እያወረደ አቧራውን ይጠርጋል፤ ዋጋው አነስተኛ፣ አገልግሎቱም ረጅም ስለሆነ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ገዥ የሚስማማ ስጦታ ነው።

ማጽጃ ፈሳሽ የሚሸጥ ባለሱቅ ግን አንድ ነገር እንዲያስጠነቅቅ ይገባል። አልኮል የጥንቱን ባለ 78 ዙር ሸክላ ሙጫ ያሟሟል። ስለዚህ አልኮል ያለበት ማጽጃ ለዚያ ዘመን ዲስክ አይሰጥም። በአንጻሩ የካሴት ማጫወቻን ራስ ለማጽዳት ንጹሕ አልኮልና ጥጥ ተገቢ ናቸው። አንዱ ፈሳሽ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ ስለሆነ ገዥው ከመክፈሉ በፊት መለየት የሻጩ ግዴታ ነው። ለካሴት ወዳጅ የሚሆነው ሌላው ስጦታ የማጫወቻው ቺንጋ ነው፤ ጎማው በዕድሜ ሲላላ ዜማው ይዝላል፤ በአዲስ ሲተካ ግን ይቃናል።

ሸክላ የሚቀመጠው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ነው። እርስ በርሱ ተደራርቦ የተኛ ሸክላ ይጣመማል። ለዚህም በአገር ውስጥ አናጢ የተሠራ ሣጥን ከውጭ ከሚመጣው የማያንስ ስጦታ ነው። ትልቁ ዲስክ ከነልባሱ 31.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን የሣጥኑ ውስጥ ወርድ 33 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እጅ በደህና ይገባል። ሃምሳ ዲስክ ከ12 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ወለሉና መያዣው ጠንካራ መሆን አለባቸው።

የኤሌክትሪክ ጥበቃ

መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ጊዜ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ብዙ መሣሪያ አቃጥሏል። ስለዚህ ስታቢላይዘር ለሙዚቃ ወዳጅ ሊሰጥ ከሚችለው ሁሉ ዓይን የማይማርክ፣ ጥቅሙ ግን እጅግ የሚታይ ስጦታ ነው። ባለሱቁም በመጠኑ ላይ ሊያግዝ ይገባዋል፤ በመሣሪያዎቹ ጀርባ የተጻፈውን ዋት ሁሉ ደምሮ፣ ግማሹን ያህል ጨምሮ መስጠት መልካም ልክ ነው። ልኩ ያነሰ ስታቢላይዘር ሙዚቃው ከፍ ባለ ጊዜ ይዝላል፤ ርካሽ ዲቫይደርም ይህን ሥራ ሊተካ አይችልም፤ አንዱን ሶኬት ወደ አምስት ይከፍላል እንጂ የሚመጣውን ኃይል አያርቅምና።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማጫወቻ

ለበዓል ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችን ለወላጆቻቸው ሸክላ ማጫወቻ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት ብዙ ስለሆነ ነጋዴው ምክንያቱን ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና በሰከንድ 50 ዑደት ነው። የአሜሪካው ግን 120 ቮልትና 60 ዑደት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ እንዲያው በእኛ ሶኬት ቢሰካ ይቃጠላል። ይህን ብዙ ሰው ስለሚያውቅ ትራንስፎርመር ይገዛል።

ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ዑደቱን አይለውጥም። በርከት ያሉ የቆዩ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚይዘው ከዑደቱ ነው፤ ስለዚህ ለ60 የተሠራው ሞተር በ50 ሲሄድ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል። በደቂቃ 33 ከሢሶ መዞር የሚገባው ዲስክ ወደ 28 ይወርዳል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈንም 4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይፈጃል፤ ቀጭኑ ድምፅ ጎርናና ይሆናል። ባለቤቱም መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ያዝናል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ዕቃም በቮልት ቢስማማ ዑደቱ 60 ስለሆነ ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች የሚመጣው ግን በ50 ዑደት ስለሚሠራ የሚያስፈልገው የስፒና መለወጫ ብቻ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ ማጫወቻዎች በትንሽ አዳፕተር ኃይል የሚያገኙ በመሆናቸው ፍጥነታቸው በዑደቱ አይታሰርም። በአዳፕተሩ ላይ «100–240» እና «50/60» የሚል ጽሑፍ ካለ ዕቃው በየትም አገር ይሠራል። ለቆዩት ደግሞ አንዳንድ ፋብሪካዎች ለ50 ዑደት የሚሆን የሞተር መዘውር ያዘጋጁ ነበር፤ ይህን ፈልጎ የሚያቀርብ ባለሱቅ የብዙ ቤት ባለውለታ ይሆናል።

ትንሿ ማጉያ

ሌላው የሚዘነጋው ዕቃ የሸክላ ድምፅ ቅድመ ማጉያ ነው። ከመርፌው ራስ የሚወጣው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ከሲዲ ወይም ከስልክ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ዲስኩ በሚቀረጽበት ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው የሚቀረጸው፤ በማጫወት ጊዜ ይህ ሁሉ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ለዚህ አንድ ልክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ማጉያው ይህን ሥራ የሚሠራ መግቢያ ከሌለው ሙዚቃው የሣሣና ከሩቅ የሚሰማ ይሆናል። የቀድሞዎቹ አምፕሊፋየሮች ባብዛኛው ይህ መግቢያ ነበራቸው፤ ከዛሬዎቹ ግን ብዙዎቹ የላቸውም። «ማጫወቻው ድምፅ የለውም» ተብሎ የሚመለሰው ዕቃ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ባለሱቁም ማጫወቻውን ሲሸጥ ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሽያጭ በተመላሽ ፈንታ ሁለት ሽያጭ ይሆንለት ነበር።

ክፍሉም መሣሪያ ነው

ውድ ስፒከር በባዶ ሴራሚክ ወለልና በባዶ ግድግዳ መካከል ቢቀመጥ ድምፁ እየተጋጨ ይረበሻል። ይህን ለመመርመር በክፍሉ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፤ ጭብጨባው እየተንቀጨቀጨ ከተመለሰ ክፍሉ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋል። እንግዲህ በእጅ የተሠራው የሱፍ ምንጣፋችንና በሸማኔ የተሸመነው መጋረጃ ለሙዚቃ ወዳጅ የሚሆኑ ስጦታዎች መሆናቸው ነው፤ ይህም የምንጣፍና የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴውን ወደዚህ ገበያ ያስገባዋል።

ሁለቱ ስፒከሮችና አዳማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሠርተው ቢቀመጡ፣ ስፒከሮቹም ከቡፌ ላይ ወርደው በጆሮ ቁመት ልክ በማቆሚያ ላይ ቢውሉ፣ ያለ ምንም አዲስ መሣሪያ ድምፁ ይጠራል። ማቆሚያውን የአገር ውስጥ ብረት ሠሪ ሊሠራው ይችላል። ሽቦም ስጦታ ነው፤ ለተለመደው ሳሎን ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። በአንደኛው ስፒከር ላይ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ከታሰረ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ይህን ለገዥው መንገር ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ወጣቱ አዳማጭ ሸክላም ካሴትም ላይኖረው ይችላል። ለእርሱ ጆሮውን በሙሉ የሚሸፍን ጥሩ ማዳመጫ የተመረጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። የውጭውን ጩኸት የሚከላከል ማዳመጫ ድምፅን ሳያስጮኹ ለማዳመጥ ስለሚያስችል ለጆሮም ጥበቃ ነው።

ለአስመጪውና ለላኪው

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚከፈለው የማስመጫ ዋጋ ከፍ ማለቱን እያንዳንዱ አስመጪ በመዝገቡ አይቶታል። ትልልቅ ስፒከር ብዙ ገንዘብና ሰፊ መጋዘን ይይዛል። መርፌ፣ ብሩሽ፣ ቺንጋ፣ ቅድመ ማጉያና የመርፌ ሚዛን ግን በአንድ መካከለኛ ካርቶን ተጭነው በአውሮፕላን ሊመጡ ይችላሉ። «ትንሽ ዕቃ ትንሽ ትርፍ ነው» የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። በአንድ ዕቃ ሲታይ እውነት ነው። ነገር ግን ስፒከር የገዛ ሰው ሌላ ስፒከር ለመግዛት ብዙ ዓመት ይቆያል፤ መርፌ የገዛ ሰው ግን መርፌው ባለቀ ጊዜ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል። አደጋው ዓይነቱ መብዛቱ ነው፤ ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት በጥገና ቤቶች ዞሮ በአገሩ በብዛት የሚገኙት የመርፌ ራሶች የትኞቹ እንደሆኑ ቢመዘግብ በመጋዘን የሚቀር ዕቃ አይኖረውም።

ላኪውም ከዚህ ገበያ ውጭ አይደለም። የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሸክላ የሚገዛ የውጭ አገር ሰው በቆዳና በእንጨት የተሠራ የሸክላ ሣጥን ከዚሁ አገር ቢቀርብለት የሙዚቃውን ምድር የሚያስታውስ ዕቃ ያገኛል። ላኪው ሊጠነቀቅ የሚገባው ዕቃው የሚታሸግበት እንጨት በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት እስከ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ የታከመና ማኅተም ያለበት እንዲሆን ነው፤ ያለዚያ ዕቃው በመድረሻው ወደብ ሊያዝ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዘፈን የተሞላበት ፍላሽ ለበዓል ስጦታ መሸጥ በአንዳንድ ሱቅ ልማድ ሆኗል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ እንዲሁም ይህን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላሉ። ከሕጉም ባሻገር ድምፃዊውና አሳታሚው የድካማቸውን ዋጋ ካላገኙ ነገ የሚሸጥ አዲስ ሙዚቃ አይኖርም፤ ሙዚቃ ከሌለ ደግሞ ማጫወቻ የሚገዛ አይኖርም።

እንግዲህ መጪው በዓል ሳይደርስ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ማዘዝ፣ ለሻጮች ሦስት ጥያቄ ማስተማር ይበጃል፤ ሰውየው የሚያዳምጠው በምንድን ነው? መርፌው የተለወጠው መቼ ነው? መሣሪያው የመጣው ከየት አገር ነው? እነዚህን ጠይቆ የሚሸጥ ሱቅ የሚሸጠው ዕቃ በበዓሉ ማግስት አይመለስም። ለተከፈተ መርፌ መለወጫ አለመኖሩን፣ ላልተከፈተው ግን ስንት ቀን እንደሚፈቀድ በደረሰኙ ላይ በግልጽ መጻፍም በሻጭና በገዥ መካከል ሊነሣ የሚችለውን ክርክር ከወዲሁ ይዘጋል።